የጎረቤት ፓስወርድ ያለበት ቆርቆሮ

ሀዋሳ፣ መሃል ከተማ፣ እሑድ ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

እኔ ካሰች ደምሴ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ይሁን ሰባ ስድስት የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፣ አእምሮዬ ደህና ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ማንም ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተናዝዣለሁ። የታመመው ጉልበቴ ነው፤ አፌ ምንም አልሆነም። የሚጽፍልኝ አቶ በርናባስ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ። "እማማ፣ አሳጥረው ይናገሩ" ብሎኛል። እኔ ደግሞ የኔ ኑዛዜ ነው፣ እዚህ ቤት የተባለውን ሁሉ ጻፍ፣ ሌላው ሰው የሚናገረውንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

አንደኛ። ቱላ ያለው ቦታ ከነባሕር ዛፉ ለልጄ ለሰይፈሚካኤል ይሁን። ሰይፌ መሬት ይወዳል። መሬት ደግሞ ስልክ ደውሎ አያታልለውም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ይመጣል።

ሁለተኛ። ኢንተርኔት ቤቱ፣ ከነስድስት ኮምፒውተሩ፣ ከነፕሪንተሩ፣ ከነጄኔሬተሩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሞት ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላስገባ ስል ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። "ማንበብ የማትችል ሴት ኮምፒውተር ምን ይሠራላታል?" አሉ። መንዳት የማይችል ሰው ሚኒባስ የለውም እንዴ አልኳቸው። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። ይህን ቤት ኮምፒውተር ለተማረችው ለሴት ልጄ ልጅ ለሩሀማ ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ሩሀማ እንዲህ አለች፣ ጻፈው፦ "እማዬ፣ ቆርቆሮው አብሮ ከሆነ ቤቱን አልቀበልም።"

እሷ እምቢ ካለች ቤቱ የሰይፌ ይሆናል። ሰይፌ ደግሞ ፑል ቤት አደርገዋለሁ ብሏል፣ ከአሁኑ ጠረጴዛ አይቷል።

ቆርቆሮው ይሄ ነው። የሰፈሩ ነጋዴ ኢሜይሉን የሚከፍተው እኛ ቤት ነው። ሩሀማ "ፓስወርዳችሁን ስማችሁንና ስልካችሁን አታድርጉት፣ ይርዘም፣ ፊደልና ቁጥር ይቀላቀልበት" ስትላቸው እሺ ብለው አረዘሙት። ማስታወስ ግን አቃታቸው። የመኪና ዕቃ የሚሸጠው ሙህዲን በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። "እማማ ማንበብ አይችሉም፣ ከሳቸው የበለጠ ካዝና የት ይገኛል?" አለ። ጨርቅ እየሸጠች ልብስ የምትሰፋው ኡሙልኸይር ተከተለች። ፎቶ ቤት ያለው ወልደጻድቅ፣ ፀጉር ቤት ያላት ዕፀገነት፣ ሌላውም ሌላውም፣ የብስኩት ቆርቆሮዬ ሞላ። የማን የቱ እንደሆነ በአስተጣጠፉ አውቀዋለሁ። የሙህዲን ግሪስ አለበት፣ የዕፀገነት የፀጉር ቅባት ይሸታል። "ወረቀቴን" ይሉኛል፣ እሰጣለሁ፣ እንጫወታለን፣ ይመልሱልኛል።

በየካቲት ጉልበቴ ጣለኝና ሰይፌ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው ደወለ። "ኢንተርኔታችሁን የምናስተካክለው እኛ ነን፣ የደንበኞቻችሁን ፓስወርድ ያንብቡልኝ" አለ። ሰይፌ ሰው አክባሪ ነው፤ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበለት። "ቀስ ልበልልዎት?" ሁሉ ብሎታል። በነጋታው ከኡሙልኸይር ኢሜይል ለደንበኞቿ በሙሉ "ሱቁ ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ" የሚል ደብዳቤ ሄደ። የሚዜ ልብስ ያዘዙ የዲላ ሰዎች በሚኒባስ ተጭነው ለጠብ መጡ። እሷ ቁጭ ብላ ልብሳቸውን ትዘመዝማለች።

"እማ፣ ሰውየው እኮ ጨዋ ነበር" አለ ሰይፌ አሁንም።

እኔን ቢጠይቀኝ ምን አነብለት ነበር? ማን ነው ማንበብ ያስተማረህ ብዬ ጮህኩበት። ለካ እኔው ነኝ፣ ሽንኩርት ሸጬ።

ሩሀማ እንዲህ አለች፦ "አንቺ ስለማታነቢ ነው የተጠበቀው። እኔ አነባለሁ። ከኔ በኋላ የሚቀመጠውም ያነባል። የሰው ፓስወርድ ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ።"

"አደራ ነው ልጄ። አምኖ የሰጠኝን ሰው ውሰድልኝ ልበለው?"

"እንግዲያው ቤቱን ለአጎቴ ስጪው።"

የምሯን ነው። ግትርነቷ ከኔ ነው የመጣው፣ ማንን እወቅሳለሁ። አቶ በርናባስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሙህዲን፣ ብድግ አለ።

"እማማ፣ እንዳይቆጡኝ። እኔ ፓስወርዴን በየካቲት ቀይሬዋለሁ።"

"ታዲያ ትናንት ወረቀቴን ብለህ የወሰድከው ምንድን ነው?"

"አሮጌው ነው። ሳልጠይቅዎት ባልፍ ይከፋዎታል ብዬ ነው።"

ኡሙልኸይር በሻሿ አፏን ሸፈነች። "እትዬ ካሰች፣ እኔም" አለች። ወልደጻድቅም እንደዚያው። ዕፀገነት ሁለት ጊዜ ቀይራለች፤ እሷማ የሞተውን ወረቀት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነበው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እኔ እጠብቃለሁ፣ እነሱ እኔን ያስታምማሉ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አቶ በርናባስ "ሳቁንም ልጻፈው?" አለ። ጻፈው።

ስለዚህ አራቱም ወረቀታቸውን በፊቴ ቀደዋል። የቀረው ነገ ለየባለቤቱ ይመለስ። ቤቱ የሩሀማ ነው። "እቀበላለሁ" ብላ ጉልበቴን ሳመች፣ የታመመውን።

ሦስተኛ፣ ምክር፣ ሱቅ ላላችሁ ሁሉ። በስልክ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሰው ድምፁ የጳጳስ ቢሆን ሌባ ነው። ስትነሱ ኢሜይላችሁን ዝጉ፤ ሱቁን በርግዶ ለምሳ የሚሄድ አለ? መኪና ደርሶሃል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ አትክፈቱ፤ ያልቆረጥከው ሎተሪ አይወጣልህም። ፍላሽ እንደ ወንፊት ከቤት ቤት አትዋዋሱ። በአንዲት ፍላሽ ቫይረስ ገብቶ ወልደጻድቅ የሁለት ሠርግ ፎቶ አጥቷል፣ አንዷ ሙሽራ እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም። የሥራችሁን ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ ገበሬ ዘሩን ሁሉ አያስፈጭም።

አራተኛ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበሬ እስክሞት አይነሳ። ወረቀት የለም ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ይህ ሁሉ ለኔም ለምስክሮቼም ጮክ ተብሎ ተነበበ። ቃሌ ነው፣ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ካሰች ደምሴ (የጣት አሻራ)

ምስክሮች፦ ሙህዲን፣ ኡሙልኸይር፣ ወልደጻድቅ፣ ዕፀገነት (ፊርማ)

በተናዛዧ ትእዛዝ የተጨመረ፦ ምስክሮቹ ፈርመው ሲነሱ ሙህዲን "እማማ፣ አዲሱንም መርሳቴ አይቀርም፣ በጆሮዎ ልንገርዎት" ብሎ ጎንበስ አለ። ወይዘሮ ካሰች በነጠላቸው ሁለት ጆሯቸውን ደፍነው "ለኔም እንዳትነግረኝ" አሉት። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ የጣት አሻራቸው አንዱ እዚህ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ነጠላቸው ላይ ይገኛል።

ጸሐፊ፦ በርናባስ (ፊርማ)