አንድ ቀን የተለበሰ ጓንት

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ግን እንዳፈሰሰ ነው።

የምሠራበት የቆዳ ፋብሪካ ጌታ ቆዳውን አንቺ ወዳለሽበት አገር ያለቀረጥ ሊልክ አምሮታል። የአገሮቹ የንግድ ስምምነት ግን ሠራተኛው ከኬሚካል ይጠበቅ ይላል አሉ። ታዲያ መርማሪዎቹ ሲመጡ ጓንት አደለን፤ እግራቸው ሲወጣ ሰበሰበ። እጄ ሲላጥ "ልመጂው" ያለኝ ሰውዬ፣ ያን ቀን "እናቴ" ሲለኝ ዋለ።

እኔም ጓንቴን ቀሚሴ ስር ሸጉጬ ወጣሁ። "ከጉብኝት በኋላ ተመላሽ" የሚል ማህተም አለበት። ይኸው ልኬልሻለሁ።

ያለቀረጥ ማስገቢያ ፈቃዱን የሚሰጠው አንቺ የምትሠሪበት ቢሮ አይደል? አደራ፣ አትዋሺበት። ፋይሉ ሲደርስሽ ጓንቱን ከላይ አድርጊልኝና ሕጉን አንድ መስመር ሳታልፊ አንብቢለት።

እጅሽ እንደለሰለሰ ይኑርልኝ፤ ለእሱ ግን እንዳይራራ።

እናትሽ