እታለም እግሯን አላሳይም አለች

ሰኞ

ጠርሙሱ የተገኘው ከማሽላ ዱቄቱ ባልዲ ጀርባ ነው። ጨው እየፈለግሁ ነበር። ቀይ ክኒን፣ ግማሹ የተዋጠ፤ ላዩ ላይ የሚሮጥ ሰው ሥዕል አለበት። «ለነርቭ» ይላል በአማርኛ። የቀረው ጽሑፍ የማላውቀው ፊደል ነው።

ታላቅ እህቴን ዘይነባን፣ እታለም የምላትን፣ ጠየቅኋት። የጋዜጣውን ሥራ ትቼ ቆቦ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው እሷ ቤት ነው። ስኳር ከያዛት ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«ቫይታሚን ነው። ቫይታሚን ደግሞ ምን ይጎዳል?»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽው፣ እታለም?»

«አንተን ፈርቼ ነዋ! አንተ ጨው ውስጥም ወሬ ትፈልጋለህ።»

ከዚያ የልቧን አወጣችው። ስትራመድ ጥጥ የረገጠች ይመስላታል። ማታ ማታ ደግሞ እግሯ እንደ ፍም ያቃጥላት ነበር። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ማቃጠሉ ቀርቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ማክሰኞ

ክኒኑን ወደገዛችበት ጎብዬ ወረድኩ። ሻጩ ሰይድ ይባላል፤ ባጃጁ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ቅባትም፣ የሳል ሽሮፕም፣ ይህንኑ ቀይ ክኒንም ይሸጣል። ጨዋ ሰው ነው። ያ ራሱ አላማረኝም።

«አባዬ፣ የሆስፒታሉ የስኳር ክኒን ቫይታሚን ይበላል። ካላመንክ ሐኪም ጠይቅ። እኔ የተበላውን ነው የምመልሰው።»

ከየት እንደሚያመጣው ጠየቅሁት። «ከዱባይ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ለአንዲት ሴት «የህንድ ነው፣ እናቴ» ሲላት ሰማሁ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

ከሮቢት የመጣ አንድ ገበሬ ቀደመኝ። «ኧረ ወላሂ፣ እናቴ ይህን ክኒን ውጣ ተነስታ ማሽላ አጭዳለች! አንተ ግን ምንድን ነህ? ገዢ ነህ ወይስ ግብር ሰብሳቢ?» ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ሁለት ነገር ሲያብሰለስለኝ መጣ፦ ክኒኑ ከየት እንደሚመጣ፣ እና እታለም ሌላ የደበቀችው ነገር እንዳለ።

ረቡዕ

ጠርሙሱን ይዤ ቆቦ ወዳለችው ፋርማሲስት፣ ወደ ትዕግሥት ሄድኩ። «የውሸት ነው» ትለኛለች ብዬ ነበር። አላለችም።

ሜትፎርሚንን፣ ያንን የሆስፒታሉን የስኳር ክኒን፣ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ሊያንሰው ይችላል አለችኝ። ያ ሲያንስ ደግሞ እግር ይደነዝዛል፤ ከስኳሩ ጉዳት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በደም ይመረመራል፤ ካነሰ ይሰጣል። ካላነሰ ግን ስኳር የጎዳውን ነርቭ ቫይታሚን አይጠግነውም። በዚያ ላይ ቢ6 የሚባለው በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ እሷም ማንበብ አልቻለችም።

ሰይድ ሙሉ በሙሉ ዋሽቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«እህትዎ ሜትፎርሚኑን ይወስዳሉ?» አለች ትዕግሥት።

«አዎ።»

«ሲውጡ አይተዋቸዋል?»

ስንት ዓመት ሰው ላይ የወረወርኩት ጥያቄ ነው። አላየሁም።

ቤት ገብቼ ጠየቅሁ። እታለም ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «የሚበላውን ትቼ የሚመልሰውን ብይዝ አይሻልም?» አለችኝ። ትታዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልነገረችኝም። ምሳ በልተን ስናበቃ አንዷን ሜትፎርሚን ፊቴ ዋጠች፤ ምላሷንም እንደ ሕፃን አውጥታ አሳየችኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ሥራዬ እሷን ማየት ነበር።

ለአስር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ ውዱ ትጥበቷን ስታደርግ አየኋት። ፊቷን፣ እጇን ታጠበች። እግሯ ጋ ስትደርስ አልታጠበችም፤ በእርጥብ እጇ የቆዳ ካልሲዋን ላይ ላዩን አበሰችው። የተፈቀደ ነው፤ ታጥባ ከለበሰችው አንድ ቀንና ሌሊት ማበስ ትችላለች። ግን አገሩ ራያ ነው። በዚህ ሙቀት ማን የቆዳ ካልሲ ያደርጋል?

«ውኃው ያንዘረዝረኛል» አለች።

«ስታወልቂውስ?»

«ለሱብሂ ሶላት፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የማወልቀው። በጨለማ ምን አያለሁ? ዳበስ ዳበስ አድርጌ እታጠባለሁ። ተረከዜ ንቃቃት አለው፤ እሱ መቼም የኖረ ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

«አላሳይም!»

«ወንድምሽ ነኝ እኮ።»

«ሙፍቲም ብትሆን አላሳይም።»

ቀልዱን አልተቀበልኳትም። ድምፅዋ ወረደ። «ካየኸው ሆስፒታል ትወስደኛለህ። እዚያ ከሄድኩ እንደ አጎታችን ልጅ ይቆርጡኛል።» የአጎታችን ልጅ ሮቢት ነው ያለው፤ በክራንች ይሄዳል።

ስለዚህ የምታውቀው ነገር አለ። ወይም የምትጠረጥረው። በመጠርጠር ሁለታችንንም አንድ አባት ነው የወለደን።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ሁሴኔ፣ ና እስቲ። አትቆጣ።»

ለጁምዓ ገላዋን ልትታጠብ በቀን ብርሃን ስታወልቅ የግራው ካልሲ ተጣብቆ እንቢ አላት። በውኃ እያራስን አወጣነው። «ንቃቃት አለው» ያለችው ተረከዟ ውስጥ የግራር እሾህ ተቀርቅሯል፤ ዙሪያው መግሏል። ማሳ የወረደችው አጨዳው ሲጀመር ነው። መቼ እንደወጋት አላወቀችም። እሾሁ ውስጧ ሆኖ ስንት ሶላት እንደሰገደችበት አላህ ነው የሚያውቀው።

ሆስፒታል የሚወስደን ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችም።

ነርሷ እሾሁን አውጥታ ካጠበች በኋላ፣ «እናቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ስነካዎት ይንገሩኝ» አለቻት። በቀጭን ክር ነገር ጣቶቿን፣ ውስጥ እግሯን፣ ተረከዟን ነካች። እታለም ዝም። ነርሷ ጨርሳ ክሩን አስቀመጠች።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለች እታለም፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ነርሷ ቀስ ብላ ነገረችን። ማቃጠሉ የጠፋው ድኖ ላይሆን ይችላል፤ ስሜቱ ራሱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እኔና እሷ፣ ሰይድም፣ ያንን ነው «ተሻላት» ያልነው።

ቅዳሜ

ስኳሯ ከፍ ብሏል። ሜትፎርሚኑ ይቀጥላል፣ ሌላም ተጨምሯል። ራጅ ተነስታለች፤ ሐኪሙ አጥንቱ የተነካ አይመስልም አለ። «አይመስልም» የሚለውን ቃል አልወደድኩትም። ለቢ12 ደም ሰጥታለች፤ ውጤቱ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ቀዩ ክኒን ይቁም ተብሏል።

«ቫይታሚኑ ጎድሎኝ ቢገኝስ? ሰይድ እውነቱን ነበር ልትል ነው?»

«ግማሹን።»

«አንተስ? ጎብዬ ድረስ ጠርሙስ ስታሳድድ እግሬ እዚሁ ነበር።» ልክ ናት።

የታዘዝነው ይህ ነው፦ እግሯ ከፋሻው በላይ ካበጠ ወይም ከሌላኛው ይልቅ ከሞቀ ሳንውል ሳናድር እንድንመለስ። እሷ ሙቀቱ አይሰማትም፤ ስለዚህ የምነካው እኔ ነኝ።

ረፋድ ላይ በረንዳው ጫፍ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሮቿን በርጩማ ላይ ዘረጋችልኝ። በእጄ ጀርባ ቀኙን ነካሁ፣ ግራውን ነካሁ። ግራው ሞቋል። ኋላ ሳይ ፀሐዩ ያረፈው ግራው ላይ ብቻ ነው።

በርጩማውን ወደ ጥላው ጎተትኩት። እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥን። ስሜት የሌለውን እግሯን የሰው አደራ ይመስል በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«በል አሁን ድገመው» አለችኝ።

ነካሁ። እኩል ናቸው። እጄን ለውጬ ደግሜ ነካሁ።