የማርሹ ሁለተኛ ግማሽ

በተማሪዎቻቸው ዘንድ «እትዬ ግራ» በሚል ስም የሚታወቁት የታምቡር መምህርት፣ ከቆርቆሮ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በዝናቡ ወራት መግቢያ ላይ ተወለዱ። አባት በፊት ለፊቱ ክፍል ባልዲና አሸንዳ ይቀጠቅጣሉ፤ እናት ከጓዳ በኩል የእግር መኪናቸውን ይረግጣሉ። በዚያ ቤት ጸጥታ የሚታወቀው በወሬ ብቻ ነበር። ኋላ የልጅቷ ሙያ ሲታወቅ ጎረቤቱ «ይቺማ ከበሮውን የተማረችው በእናቷ ሆድ ነው» ሲል፣ አባት «ውሸት ነው፤ እኔ አንድም ቀን እኩል መትቼ አላውቅም» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ በአንድ ዓመት ከምትበልጣቸው እህታቸው ጋር በአንድ ቀን ተመዘገቡ። ታላቂቱ እስከዚያ ቤት የቆየችው ታናሿን ትጠብቅ ተብላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው አልነበረም።

በትምህርት ቤቱ ሙዚቃ የሚያስተምሩት፣ ከሰልፍ ባንድ በጡረታ የተገለሉና ልጆቹ «ባለጎማው» የሚሏቸው አዛውንት ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው አሮጌ የመኪና ጎማ እየቆረጡ ለየልጁ ስለሚያድሉ ነው። ጀማሪ ታምቡር አይነካም፤ ቁራጩን ጎማ ዴስክ ላይ አስቀምጦ ይደበድባል። «ታምቡር ያሞካሽሃል፤ ጎማ ግን ዘመድ የለውም» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጎማውን አልፎ ታምቡሩ ዘንድ የደረሰ ልጅም ብቻውን አይቆምም። ትምህርት ቤቱ የነበረው ታምቡር አንድ ብቻ ስለነበር፣ ባለጎማው ልጆቹን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለአንዱ የቀኙን መምቻ፣ ለሌላው የግራውን ይሰጣሉ። ጎን ለጎን ቆመው እንደ አንድ ሰው መምታት ነው።

እህትየዋ ቀኙን ያዘች። የዛሬዋ ተሸኚ ግራውን ያዙ።

ባለጎማው ለሁለቱ እህትማማቾች ብለው አንድ ማርሽ፣ የሰልፍ ምት፣ አወጡ። ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ የሚኖረው በሁለቱ ልጆች እጅ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ለሰልፍ የሚሆን፣ ማንም እግሩን የሚጥልበት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ቀኝና ግራ የሚሽቀዳደሙበት፣ ሌላ ጥንድ ሞክሮት ጣቱን ቀጥቅጦ የሚመለስበት ነበር ይባላል።

ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት በሚዘጋበት ቀን፣ ወላጅ ሁሉ ሜዳው ላይ በተሰበሰበበት፣ እህትየዋ ኃይለኛ ትኩሳት ይዟት ቤት ቀረች። እናት አጠገቧ ተቀመጡ፤ አባት ታናሿን ይዘው ሄዱ። ባለጎማው «ልጄ፣ ዘንድሮ ይቅርብን» ቢሏቸው፣ «እኔ ግራውን እመታለሁ፤ ቀኙን እሷ ትመታዋለች» ብለው መምቻቸውን አነሡ።

ወላጅ ሳቀ። አንዲት ልጅ ከታምቡሩ አንድ ጎን ተጠግታ ቆማ፣ ሌላውን ጎን ባዶ ትታ፣ አንድ ጊዜ መትታ አንድ ጊዜ ስትጠብቅ ማየት ያስቃል። ቆይቶ ግን ሳቁ እየሳሳ ሄደ፤ ከነጭራሹም ጠፋ። አባት ከፊት መስመር ነበሩ። ሠፈሩ ውስጥ ስንት መዶሻ እየሠራ እንደሆነ አልጋቸው ላይ ሆነው የሚለዩ ሰው፣ «ሁለት መምቻ ነበር» ከማለት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሱም። ማርሹ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ሊሻገር ሲል የዛሬዋ ተሸኚ ቀጥ አሉ። መምቻቸውን ሽቅብ እንደያዙ ወደ ቀኛቸው ዞረው አዩ። ባለጎማው «ቀጥዪ እንጂ!» ሲሉ፣ «አቆመች» ብለው መለሱ።

ቤት ሲደርሱ እህትየዋ አርፋ ነበር። እናት ነገሩን የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ «ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱን ይደበድብ ነበር። ትኩሳቱ ነው፣ ትንሽ ትረፍልኝ ብዬ እጇን ያዝኩት። ምነው ባልያዝኩት ኖሮ።»

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤተሰብ የታማሚ እጅ አይያዝም። ይህን የማያውቅ ጠያቂ ሁሉ ቤተሰቡን ልበ ደረቅ ሲል ኖሯል። ቤተሰቡም አላስተባበለም።

የዛሬዋ ተሸኚ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ የመምህርነት ኮርስ ወስደው፣ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱና ባለጎማውን ተኩ። ጎማ መቁረጡን ቀጠሉ። ታምቡሮች ተጨምረው ለየልጁ መዳረስ ሲችሉም ጥንዱን አላፈረሱም። «ልጄ ተምሮ የሚወጣው በአንድ እጁ ነው ወይ?» ብሎ ግራ የገባው ወላጅ ሲመጣ፣ «ሌላውን ጓደኛው ይዞለታል» ይሉታል። ለልጆቹ ደግሞ «መጀመሪያ የጓደኛህን እጅ ስማ፤ ያንተ የትም አይሄድም» ይሏቸዋል። የራሳቸው ቀኝ እጅ ጠመኔ ይይዛል፣ ድስት ያማስላል፣ ሰው ይጨብጣል፤ የታምቡር መምቻ ግን ነክቶ አያውቅም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው «የኔ አይደለም» ነው።

ትዳር የመሠረቱት ከትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጋር ነው። ታምቡር ሊያወጡ በመጡ ቁጥር እያስፈረሟቸው ከቆዩ በኋላ ባለቤታቸው አንድ ቀን፣ «ታምቡሩን ተይውና እኔን ውሰጂኝ፤ ፊርማ አልጠይቅሽም» አሏቸው። እሳቸውም ግራ ቀኙን አይተው «መመለሻ ቀን የለውም?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በስተግራቸው ተቀምጠዋል፣ በስተግራቸው ተኝተዋል፤ በእንቅልፍ ልብ በተሰነዘረ ግራ እጅም ብዙ ተደብድበዋል። «ወደ ቀኝ ዞረህ ለምን አትተኛም?» ላላቸው ወዳጅ፣ «ቦታው ተይዟል» ብለዋል። ሲናገሩት ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አብረው አልሳቁም።

ማርሹ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ሆነ፤ ግን እስከ ግማሹ ብቻ። ቀሪውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለማንም አላስተማሩም። ስለዚህ የተማሪው ሰልፍ በታምቡር ታጅቦ ይገባና ሜዳው መሀል ላይ ታምቡሩ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ እስከ መድረኩ የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። ርዕሳነ መምህራን መጥተው ሄደዋል፤ ሁሉም ጠይቀዋል። ከሁሉም ቆራጥ የነበሩት አንደኛው ቢሯቸው ድረስ አስጠርተው፣ «እትዬ፣ እንግዳ ፊት እኮ ነው የምታዋርጂን! ልጆቹ መድረኩ ጋ ሳይደርሱ ታምቡሩ ያልቃል!» አሏቸው።

«ሜዳውን ያሳጥሩት» አሉ።

«ወይ ማርሹን ጨርሺ፣ ወይ ታምቡሩን ለሌላ መምህር አስረክቢ።»

«አስረክባለሁ። ግን እኔ ጋ ያለው ግራው ነው። ቀኙን ከየት ይረከባሉ?»

ርዕሰ መምህሩ መድረኩን ነቅለው ወደ ሜዳው መሀል አመጡት። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ኳስ ተጫዋቾች ይደናቀፉበታል።

በጡረታ ሲሰናበቱ ክፍሉን የተረከበችው እሳቸው ያስተማሯት ሴት ልጃቸው ነች። እሷም የምታውቀው እስከ ግማሹ ነው። «እማዬ፣ ለእኔ እንኳን አትነግሪኝም?» ስትላቸው፣ «አብረን ነው የጀመርነው፤ ለብቻዬ ጨርሼ ብሄድ ምን ትለኛለች?» ይሏት ነበር። የሚያስፈራቸውም ይኸው ነበር፤ መሞት ሳይሆን ማርሹ ሳያልቅ መሞት።

በዚህ ዓመት ድንገት ወደቁ። ግራ ጎናቸው ከእግር እስከ እጅ አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ተያዘ። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ባለቤታቸው ያሉት፣ «ግራዋን ወሰድክባት እኮ!» የሚል ነበር፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው ያሉት። ሐኪሙ የተነገረው ለእሱ መስሎት ይቅርታ ጠየቀ።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ መምቻ ነክቶ የማያውቀው ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱን መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። አንድ መትቶ አንድ ይጠብቃል። ነርሷ «አይዞዎት፣ እማማ» ብላ ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተሰምተው የማያውቁት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ባለቤታቸው «እንዳትይዣት!» ብለው ጮኹ። ልጃቸው ማርሹን ለየችው። በአልጋው ግራ በኩል ዞራ በጣቶቿ የአልጋውን ብረት እየመታች ግራውን ገባችበት። እናትና ልጅ እስከ ሜዳው መሀል አብረው ሄዱ። የታወቀችው ቦታ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቀውም።

ቀኝ እጁ አልቆመም። ተሻገረ፤ ፈጠነ፤ እየጠበቀም፣ ለሚጠብቀው ሰው ቦታ እየተወም እስከ መጨረሻው መታ። ጨርሶ አረፈ። እሳቸውም አብረውት አረፉ።

ሐኪሙ «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል» ብሏል። ወንድ ልጃቸው በዚህ ይስማማል። ባለቤታቸው ግን የሚተኙት አሁንም በአልጋው ግራ በኩል ነው።

ከባለቤታቸው ሌላ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው በአንድ እጅ የተካኑ ተማሪዎቻቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ይህ ከተነበበ በኋላ ተማሪዎቻቸው ማርሹን ሙሉውን ይመቱታል። ልጃቸው ከእናቷ እጅ ያየችውን አስተምራቸዋለች። ከመሀል በኋላ የምትሰሙት ቀኙን ብቻ ነው፤ ግራውን የሚያውቀው ሰው ዛሬ የሚሸኝ ስለሆነ። ባዶው ቦታ ላይ ሌላ መምቻ የሚሰማው ሰው ቢኖር፣ ቤተሰቡ እንዳይደነግጥ በትሕትና ይጠይቃል።

ቸሩ ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ በእህታቸውም በስተግራ ቦታቸውን ይስጥልን።