ሳይቆረጥ የሄደው ዓሣ

ይድረስ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለቦጊ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ኪርስተንና ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እናታችን ነፋሱ ቢበረታባትም በጎቿን ሳታይ አትውልም፤ አንተንም ሳታነሳ አትተኛም።

ወደ ብራሰልስ የሄዱት የደሴቶቻችን ተደራዳሪዎች የዓሣ ንግድ ውል ይዘው ተመልሰዋል። ዓሣው እንደተያዘ ከተላከ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ እዚህ አጥንቱን አውጥተን አሽገን ከላክነው ግን ቀረጡ አይቀመስም። የምታስተዳድረን ዴንማርክ ወደ አገሮቹ የጋራ ገበያ ስትገባ እኛ ባሕራችንን አናስነካም ብለን ውጭ ቀረን። ይኸው ባሕሩ በእጃችን ነው፣ ገበያው በእጃቸው። ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታችን ሱንቫ፣ «ዓሣው ከነጭንቅላቱ ሲሄድ የክብር እንግዳ ነው፤ እኛ ከነካነው ወንጀለኛ! ለካ የሚጠሉት የኛን እጅ ነው» አለች። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ የባለቤቴ የትሮንዱር መርከብ ከወደ ደቡብ ብቅ አለች። የዓሣ ፋብሪካው አለቃ አጎታችን ሄይኒ እንደ ልማዱ ገና ከሩቅ ሲያያት ለሥራ የሚጠራንን ባንዲራ ሰቀለ። ባንዲራ ካየን መች እንጠይቃለን! ድስቱን ከምድጃ አውርደን፣ ሽርጥ ታጥቀን፣ ቢላዋችንን ይዘን ወደቡ ላይ ቆምን። መርከቧ ግን ፍጥነቷን እንኳ ሳትቀንስ በፊታችን አለፈች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሄይኒ ባንዲራውን አወረደ።

ትሮንዱር ሲመለስ እንደ እብድ ጮኽኩበት። «ምን ላድርግ ማርዩን? ሄይኒ የሚከፍለኝ ነዳጄን አይሸፍንም። እዚያ ግን ገና ገመድ ሳልጥል ይሻሙበታል» አለኝ። የት አራገፍከው ብለው፣ «ዴንማርክ፣ ሂርትስሃልስ» አለኝ፤ አንተ ዓሣ በምትቆርጥበት ወደብ። ይህን ስሰማ ቁጣዬ በረደና አለቀስኩ። የኛን ዓሣ የቆረጥከው አንተ ነህ ማለት ነው። አልተቀየምኩህም፤ የእንጀራ ነገር ነው።

ፋብሪካው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ሥራ አለ ነይ ያልከኝን እንቢ ስል ኖሬ ዛሬ እሺ ብያለሁ። ትሮንዱርም እዚያው ወደቡ አጠገብ ቤት አግኝቷል። እናታችንን አብረሽን ነይ ብዬ ብለምናት፣ «እዚያ ሄጄ ማን ልባል ነው? እዚህ ቢያንስ በጎቼ ያውቁኛል» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ሦስቴ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች።

ሱንቫ ሰላም ብላሃለች፤ አጎታችን ሄይኒም እንዲሁ። ኪርስተንን እቀፍልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

ከእንግዲህ ስትጽፍ ለእኔ ሳይሆን ለእናታችን ጻፍላት። ዓይኗ ደክሟልና ፊደሉን አተልቀው፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ የሚያነብላት ሰው አይኖርም።

እህትህ ማርዩን
ሱዱሮይ ደሴት፣ ኅዳር 12 ቀን