ከአፈር በታች ሠላሳ ሁለት ሽቦ

ዛሬ ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአክስቴ ቤት በኋለኛው ክፍል፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እሰጣለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው። ደሜ ታሟል፤ አእምሮዬ አልታመመም። የውል ጸሐፊው ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም መለስኩ። አራተኛውን እኔ ጠየቅሁት፦ የእሱንስ አእምሮ ማን አረጋገጠ? «ይህም ይጻፍ?» አለኝ። ይጻፍ። በዚህ ክፍል የሚነገር ሁሉ ይጻፍ፤ ከዚህ ቀደም ሳይጻፍ የቀረ ነገር ብዙ ጎድቶኛል።

ምስክሮቼ የአንቴናዬን ቱቦዎች የቆረጠልኝ ቆርቆሮ ሠሪ፣ በየቀኑ መርፌ የምትወጋኝ ሲስተር፣ እና የፊት ለፊት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ወራሾቼ አክስቴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ወንድሜ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወንበር ቀርቦለት ነበር።

አንደኛ። ጥቁሩን ካፖርቴን ለሲስተር ልተው ነበር። ጸሐፊው ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም አለ። «እንግዲያው ምስክርነቱ ይቅርብኝ፤ ካፖርቱ ያምራል» አለች። ሁሉም ሳቁ። አሁኑኑ ከራስጌዬ አውርጄ በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ ስለዚህ ከውርስ ውጭ ነው።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴን፣ የብየዳ ዕቃዬን፣ የአንቴና መለኪያ ሜትሬንና ሬዲዮዬን ለአክስቴ ሰጥቻለሁ። አክስቴ ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። የአማተር ሬዲዮ ፈተናውን፣ ከቤት ሆኖ ከሩቅ አገር ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር የሚያበቃውን፣ በአምሳ ስምንት ዓመቷ፣ በሦስተኛው ሙከራ አልፋለች። ሁለት ጊዜ ስትወድቅ የሳቁባት ሰዎች ዛሬ እዚህ አልተጠሩም።

ሦስተኛ። በአራት ባንድ፣ ማለትም በአራት የሞገድ ርዝመት፣ የሚሠራው ቋሚ አንቴናዬም የአክስቴ ነው። ጓሮ ውስጥ ቆሟል። የመጀመሪያ ቀን ስታየው «ይሄ ምሰሶሽ ልብስ ማስጫ ይሆነኛል» ብላ ነበር። አክስቴ ሆይ፣ ሲፈታና ሲገጠም እንዲህ አድርጊ። በቱቦዎቹ መካከል ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች ሽፋናቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር፣ ዝናብ የገባው እንዲወጣ። ስታስተካክይ ከታች፣ ከአጭሩ ባንድ ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። ከላይ የጀመረ ሰው ታችኛውን በነካ ቁጥር የሠራው ሁሉ ይፈርስበታል። ማቀፊያውን አላልተሽ ቱቦውን በአንድ ጣት ስፋት ብቻ አንሸራትቺ፣ አጥብቂ፣ አቁሚው፣ ራቅ ብለሽ ለኪ። አጋድመሽ አትለኪ። ቱቦ ለመቁረጥ አትቸኩይ፤ የረዘመ ያጥራል፣ ያጠረ ግን ሌላ ቱቦ ያስፈልገዋል።

«ሦስት ጊዜ ቆርጬላት ሦስት ጊዜ መልሳብኛለች» አለ ቆርቆሮ ሠሪው። እውነት ነው። ሦስቱም ጊዜ አጥፍቶ ነበር።

አራተኛ። ስለ ተደረገብኝ በደል። ይህን አንቴና የሠራሁት ለሬዲዮ ክበቡ ግቢ ነበር። መጀመሪያ ኃይሉ በአፈር እንዳይጠፋ ከሥሩ ዙሪያውን ስምንት ሽቦ ቀበርኩ። ሜትሩ አንድ ነጥብ አንድ አለ። በዚህ ሜትር ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል፣ ከአንድ በታችም የለም፤ የክበቡ ሊቀመንበር አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ለእንዲህ ያለ አንቴና ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ያማረ ነበር። ሜትሩ የሚያውቀው ከአንቴናው የተመለሰውን ኃይል ብቻ ነው። ያልተመለሰው ወደ ሰማይ ይውጣ ወይም አፈር ያሙቅ፣ አያውቅም። የእኛው ኃይል አፈሩን ሲያሞቅ ነበር። ሃያ አራት ሽቦ ጨምሬ ሠላሳ ሁለት አደረስኩት። ሜትሩ ወደ አንድ ነጥብ አራት ወጣ። በዚያው ቀን፣ ዓመት ሙሉ ስንጠራው ሰምቶን የማያውቀው የሩቅ ደሴት የመርከብ መብራት ጠባቂ መለሰልን። ማዳመጫው ወንድሜ ጆሮ ላይ ነበር።

ሊቀመንበሩ የሜትሩን ቁጥር አይቶ «አበላሸችው!» አለ። ኮሚቴው ሥራዬን «ጉድለት ያለበት» ብሎ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጻፈ። ወንድሜ ፈረመ። በሳምንቱ የክበቡ ጸሐፊ ሆነ። እኔ «ብረትሽን ይዘሽ ውጪ» ተባልኩ፤ ፈቃዴም አልታደሰም። ሁለት ዓመት ድምፄ አየር ላይ አልወጣም። ያ ደብዳቤ እስካልተነሣ ድረስ አክስቴም በዚህ አንቴና አንዲት ቃል ማስተላለፍ አትችልም። ወንድሜን ዛሬ ያስጠራሁት ስለዚህ ነው። በምስክሮች ፊት እጠይቀዋለሁ፤ ቢመልስም ባይመልስም ይጻፍ።

«ምን ሰማህ?» አልኩት።

«እህቴ፣ አሁን እኮ አንቺ ማረፍ...»

«ስሞት አርፋለሁ። ምን ሰማህ?»

የውል ጸሐፊው ጥያቄዬን ጻፈ። 

«የደሴቱን ሰውዬ» አለ ወንድሜ። «አጠገቤ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።»

«መቼ?»

«ሽቦዎቹን ከጨመርሽ በኋላ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ሁሉም ፈርመው ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ።»

አክስቴ ከወንበሯ ተነሣች። «አይ አንተ! የራስህን የሞት ፍርድ ቢያዞሩልህም ብዕር ተውሰህ ትፈርም ነበር!»

ይህን መልስ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ስሰማው አለቅሳለሁ ወይም እጮኻለሁ ብዬ ነበር። ምንም አልመጣም። ሲስተር እጄን ይዛኛለች፤ መያዟን ያወቅሁት ዓይኔ ሲያርፍበት ነው።

ቆርቆሮ ሠሪው «እውነቱን ተናገረ እኮ፤ አንቴናውን ለሁለቱ አካፍያቸው፣ የኔ ልጅ» አለ። አንቴና አይካፈልም። ግማሹ የትም አይደርስም።

አምስተኛ። ስለዚህ ለወንድሜ የምተውለት ሥራ ነው። እዚህ ጓሮ ስምንቱን ሽቦ ቀብሬ አቅሜ አለቀ። ሃያ አራቱ ተጠቅልለው ከዚህ አልጋ ሥር አሉ። በገዛ እጁ፣ ሠራተኛ ሳይቀጥር፣ አራት ጣት ጥልቀት ቆፍሮ ይቅበራቸው፤ ጫፋቸውንም ከአንቴናው ሥር ካለው የመዳብ ቀለበት ጋር ይበይድ። ዛሬ የተናገረውንም በራሱ ጽሕፈት ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ያስገባ። የክበብ ጸሐፊነቱን ይቀሙት ይሆናል። ይቀሙት።

ይቅር አላልኩትም። አልረገምኩትምም። ሁለቱም ጉልበት ይጠይቃሉ።

ስድስተኛ። አክስቴ ሆይ፣ ፈቃዱ ሲመጣ በእኔ ስም አትጥሪ። በራስሽ የሬዲዮ መለያ ስም ጥሪ። እኔን የጠየቀሽ ካለ አንቴናውን ማን እንደ ሠራው ንገሪው፤ ስላሟሟቴ አታውሪ፤ ሞገዱ ለሌላም ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስክሮች ፊት ተነበበልኝ። ሁለት ስሕተት አርሜያለሁ፤ ሁለቱም የጸሐፊው ናቸው። ብዕር ለመያዝ አቅም ስላነሰኝ ሲስተር በጣቴ እንድፈርም ቀለም አቀረበች። በጣቴ አልፈርምም፤ ተምሬያለሁ።

ምስክሮች፦ ቆርቆሮ ሠሪው (ፈርሟል)፤ ሲስተር (ፈርማለች)፤ ልብስ ሰፊዋ (ፈርማለች)። የጻፈው፦ የውል ጸሐፊው (ፈርሟል)።

ተናዛዥ፦ ፈርሜያለሁ። ስፈርም ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ወንድሜ ከበሩ መጥቶ ጠርዙን ያዘልኝ። ይህም ይጻፍ።