ስድስት ሰው የሚያስገባው ማሽን

ድሬ ዳዋ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ አየነው፣

ፋርቱን የታሰረችው በአንተ ምክንያት ነው። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ፤ ሰላምታው ግን ከእጄ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ከታሰረች አምስተኛ ቀኗ ነው።

ይህን የምጽፈው በስምንት ሰዓት፣ በጠራራው፣ በሬን ዘግቼ ነው። ሰፈሩ በሙቀቱ ተኝቷል። የደኅንነት ላንድሮቨር ባለፈ ቁጥር ወረቀቱን ፍራሽ ስር እከተዋለሁ፤ ድምፁ ሲርቅ አወጣዋለሁ። መስመሩ የተጣመመው ለዚህ ነው።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስታስቆጥረኝ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች፣ «እትዬ ይርገዱ፣ ለሰማይ ቤት ማመልከቻ ልትጽፊ ነው?» እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ አንተ ጠመኔህን ወረወርክባቸው። «አቦ ተዉአት! ከእናንተ ቀድማ ታነባለች» አልክ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ያን ቀን በልቤ ልጄ አደረግኩህ፤ አልነገርኩህም እንጂ። በኋላም በሳሙና ፋብሪካው የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆነህ ስትመጣ ለጽዳት ያስቀጠርከኝ አንተ ነህ። ውለታህን አልክድም። እስከ ዛሬ አፌን የያዘውም እሱ ነው።

አሥር ስክሪን በየቢሮው ተተከለ። ለሥራ አስኪያጁ «አሥሩም ባንዴ ይሠራል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማሽኑ ግን በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ አያስገባም። ሰባተኛ ሰው ሲመጣ በየቢሮው እየዞርክ «አቦ፣ አንዳችሁ ውጡልኝ» ትላቸው ነበር። እነሱ ማሽኑ የደከመው ይመስላቸው ነበር፤ እኔም እንደዚያው።

እኔን ደግሞ፣ «እትዬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ጡሩምባው ሲነፋ ስክሪኖቹን ሁሉ አጥፊ፤ ሙቀቱ ይጨርሳቸዋል» አልከኝ። ሠራተኛው ለምሳና ለእረፍት ወደ ቤቱ ሲሮጥ ስሙን ማሽኑ ውስጥ ሳይዘጋ ይወጣል። እኔ ከኋላ በጨርቄ እየወለወልኩ አጠፋለሁ። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ማሽኑ ግን ሰውየው እዚያው የተቀመጠ ይመስለዋል፣ ቦታውንም አይለቅም። አንተ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትመጣና በዋናው ማሽን ላይ ስማቸውን እየጠራህ ታስወጣቸው ነበር። «ሙመድ፣ ወራጅ! ፋርቱን፣ ወራጅ!» እንደ አውቶቡስ ረዳት። እኔም መጥረጊያዬን ተደግፌ እስቅ ነበር።

ያን ዓርብ ግን አልመጣህም። ቡራሌ ቤት በርጫ ላይ ነበርክ፣ ጫትህን ይዘህ። ዘጠኝ ሰዓት ሠራተኛው ሲመለስ ማሽኑ አንድም ሰው አላስገባም አለ። ስድስቱ ቦታ ምሳ በወጡት ሰዎች ስም ተይዞ ነበር፤ ባለስሞቹ ራሳቸው ሲመለሱ እንደ አዲስ ሰው ተቆጠሩ። ለግንባር የሚሄደው ሳሙና ደግሞ የመጫኛ ወረቀቱ ከማሽኑ ካልወጣ ባቡር ላይ አይወጣም።

ፋርቱን መጋዘን ቢሮ ተቀምጣ ስሟን ደጋግማ ትጽፋለች። እኔን እንደ አክስቷ ኤዶ ነው የምትለኝ። «ኤዶ፣ በአላህ፣ ሂጂና አየነውን ጥሪልኝ!» አለችኝ። በዚያ ፀሐይ ሄጄ ቡራሌ ደጃፍ ላይ ጠራሁህ። ትራስህን ሳትለቅ «መጣሁ በያቸው» አልክ። አሥር ሰዓት ላይ ባቡሩ ያለ ሳሙናው ሄደ።

የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ተማም «ማሽኑን ይዞ የዋለው ማነው?» ሲልህ ዝርዝሩን አትመህ ሰጠኸው። ስድስት ስም ነበረ። አምስቱን ዘለለና ጣቱን ፋርቱን ላይ አሳረፈ። ወንድሟ ጅቡቲ እንደተሻገረ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል።

«ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ አንቺ ማሽኑ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ቤቴ ነበርኩ፣ ጓድ። ሩዝ እየበላሁ።»

«እና ማሽኑ ይዋሻል?»

ወደ አንተ ዞረች። እኔም ዞርኩ። የጫቱን ቅጠል በምላስህ ከጥርስህ ስትፈልግ ቆየህና «ማሽን አይዋሽም» አልክ።

ቅዳሜ ጠዋት የኢኮኖሚ አሻጥር ብለው ወሰዷት። እሑድ አንተ ለዕቃ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብለህ ተነሣህ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ተከተልኩህ።

«ልጅቷስ?» አልኩህ።

«እትዬ፣ ስክሪኖቹን ያጠፋው የማን እጅ ነው ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»

አልጮህክብኝም። የሻንጣህን ማሰሪያ እያጠበቅክ በቀስታ ነው ያልከኝ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እህል አይወርድልኝም። በር ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም፤ ጎረቤት መሆኑን በድምፁ ካልለየሁ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

ያልከኝ እውነት መሆኑን ልፈትን ብዬ ሰኞ ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት በየቢሮው ዞርኩ። «ስማችሁን ዝጉ! ሳይዘጋ የሚወጣ የለም!» አልኳቸው። ሙመድ፣ «እትዬ፣ መቼ ነው ኃላፊ የሆንሽው? ለምሳም ማስፈቀድ ልንጀምር ነው?» ብሎ አሳቀብኝ። ግን ዘጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሰው ያለ ምንም ችግር ገባ። ማክሰኞ ሙመድን ብቻ ሳይዘጋ እንዲወጣ ተውኩትና ስክሪኑን ራሴ አጠፋሁ። ከሰዓት አምስት ሰው ገብቶ ስድስተኛው ተመለሰ።

መጥረጊያዬን ጥዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆናል እያልኩ ራሴን አባብል ነበር።

መሳቢያህን የከፈትኩት ያኔ ነው። ማሽኑን የሸጡት ሰዎች በአማርኛ የጻፉልህን ወረቀት አገኘሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ፈቃዱ በአንድ ጊዜ ለስድስት ተጠቃሚዎች ብቻ ነው። ስክሪን ማጥፋት መውጣት አይደለም» ይላል። ከታች «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል አለ፤ ከእሱ ሥር ፊርማህ። ወረቀቱ አሁን ደረቴ ውስጥ ነው፣ ላብ እንዳይበላው በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ሲንኮሻኮሽ ሰው የሰማብኝ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጉዳይዋን የሚያየው የፓርቲው ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥፋተኛ ካሏት ወደ ሌላ ቦታ ያሳልፏታል። ወደዚያ ከተላከ ሰው የተመለሰ አላየሁም። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ያጠፋው የእኔ እጅ ነው፣ ያዘዘኝ አየነው ነው፣ እንዴት እንደሚሆንም ኑና ላሳያችሁ እላቸዋለሁ። ጓድ ተማም እኔንም ከእሷ ጋር ሊያስገባኝ ይችላል። ደፋር አይደለሁም፤ አንተም ታውቃለህ፣ ስለምታውቅ ነው ጥለኸኝ የሄድከው። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ነገሩ አልቋል፤ ልትከለክለኝ አትችልም።

የፋርቱን እናት በየቀኑ ከቢዮ አዋሌ በጭነት መኪና ትመጣለች። የልጇን ምሳ በጨርቅ ቋጥራ የእስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። አንድ ነገር ትጠይቀኛለች ብዬ፣ ሳያት በቀፊራ ገበያ በኩል ዞሬ ሥራ እገባለሁ። ሦስት ቀን ዞርኩ። ከነገ ጀምሮ አልዞርም።

ይርገዱ