የጋቢናው ወንበር

ረቡዕ
ዛሬ በገዛ መኪናዬ ተዋረድኩ። የጎረቤቴ የጋሽ ሰይድ ሥራ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ከሮቢት ስንመለስ፣ "ቁልፉን አምጣ። አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ ጋቢና ተቀምጠህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

አላውቅም። ይህችን አሮጌ ፒካፕ ከገዛሁ ጀምሮ መሪ ጨብጬ ነው የኖርኩት። ቁልፉን ሰጥቻቸው ጋቢና ገባሁ። መንገዱ ላይ አንድ ጉድጓድ ስንደርስ አናቴ ጣሪያውን መታው፤ ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

"እናትህ እህታቸውን ሊጠይቁ ዋጃ የማይሄዱት ለምን መሰለህ? ለባለቤቴ ነግረዋታል። በአንተ መኪና ወገባቸው አይችልም። በሚኒባስ ቢሄዱ ደግሞ 'ልጃቸው መኪና እያለው' ሊባል ነው። ወላሂ፣ ላንተ ብለው ነው የቀሩት።"

ሁለት ዓመት! "እንሂድ" ባልኳት ቁጥር "ጉልበቴን ብርድ ይዞኛል" ትለኝ ነበር። በዚህ በቆቦ ሐሩር ብርድ! እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ
አስተምሬ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ በክሪክ አነሳኋት፤ ከሥሯም በግንድ ደገፍኳት። ገብቼ ያየሁት፦
መንገጫገጩን የሚያለዝቡት የኋላ አሞርዛተሮች፣ ዘይታቸው አልቋል። ስጫናቸው ሰጥመው ይቀራሉ።
በብረቶቹ መሃል ያሉት የጎማ ጎሚኒዎች ተበልተው አልቀዋል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል።
ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው... ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። ለገበያ የምጭነውን ሽንኩርት በደንብ እንድትሸከም ብዬ ሁለት ብረት አስጨምሬበታለሁ። ለሽንኩርት ያሰብኩትን ያህል ለእናቴ ወገብ አላሰብኩም።

ዓርብ
ናፍጣ አጠጥቼ ያሳደርኩት ቡሎን አሁንም አልፈታ አለ። ጋሽ ሰይድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው "አብሽር፣ ይፈታል" ይላሉ። ቁልፉ አመለጠኝና ጣቶቼ ተላጡ። እማ ውሃ አምጥታ እያጠበችልኝ "ምን አስቸኮለህ?" አለችኝ። "ዋጃ ልወስድሽ" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አፈርኩ። አክስቴ ባለፈው ክረምት አንደበቷ ተይዟል። ከዚያ በፊት እማን ብወስዳት ኖሮ ሁለቱ ወሬ አይጠግቡም ነበር።

አመሻሽ ላይ ቡሎኑ ተፈታ። ይኼም ድል ነው።

ቅዳሜ
አዲሱ ዕቃ ገባ፤ ትርፎቹ ብረቶች ወጡ። ጋሽ ሰይድ እየነዱ፣ እኔ ጋቢና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ሰፈሩን ዞርን። የውሃው ግማሽ ሳይፈስ ቀረ። "በል፣ አሁን እናት ይጫንባታል" አሉኝ።

ለእማ ነገርኳት። "ነገ ዋጃ ነን። መኪናዋ ወገብሽን አትነካም።" ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ልታጥብ ተነሳች።

እሑድ
ሄድን። አክስቴ እማን አወቀቻት። እጇን ይዛ አልለቅም አለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። እማ የሁለቱንም ድርሻ ብቻዋን ስታወራ ዋለች።

ማታ ለመመለስ ተነሳን። ቆቦ ልንገባ ስንል፣ "ሥራው ስንት ቀን ፈጀብህ?" አለችኝ።

"ሦስት ቀን።"

"ሦስት ቀን" አለች ቀስ ብላ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመኪናው ሳትወርድ፣ "የሚመጣውስ እሑድ ትወስደኛለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። እወስድሻለሁ አልኳት። ሽንኩርቱ በጋሪ ይሂድ።